ያልታመሙ ሰዎች የባሕር ዳር ጉዞ

አስቀድሞ ይታወቅልኝ፤ ከቤት ስንነሳ ከሁለታችን የታመመ አልነበረም። ባለቤቴ ይበልጣል ጤነኛ ነው፤ እኔም ጤነኛ ነኝ። ፍኖተ ሰላም ውስጥ ግን ይህን የሚያምነኝ ሰው አጥቻለሁ። ስፌት ቤቴ ቀሚስ ልትለካ የምትመጣው ሁሉ፣ ሜትሩን ወገቧ ላይ ሳዞር ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ታዲያ ሐኪሙ ምን አለ?» ትለኛለች። ለእያንዳንዷ ከመነሻው ስተርክ ልኩ እየጠፋኝ፣ የአንዷን እጅጌ ለሌላዋ መስፋት ጀመርኩ። ስለዚህ እንዲህ ጽፌ ማስቀመጡ ይሻላል አልኩ።

ነገሩ የተጀመረው በጥቅምት ነው። ጥቅምት የወፍጮ ቤት ሰው የሚያርፍበት ወር ነው፤ የአምናው እህል ከጎተራ ተሟጥጧል፣ የዘንድሮው ገና ማሳ ላይ ነው። ይበልጣል ወፍጮ ቤቱን ጠርጎ፣ ድንጋዩን አስወቅሮ፣ በር ላይ ተቀምጦ አላፊ አግዳሚውን ሲቆጥር ሰነበተና አንድ ቀን ምሳ ላይ «ለምን ሄደን ባሕር ዳርን አናይም?» አለኝ።

«ማን ታሞ?» አልኩት። እኔም እንኳ!

«ማንም አልታመመም። እኔና አንቺ። ልጆቹን ትተን።»

ሦስት ልጆች አሉን። እነሱ ከተወለዱ ወዲህ ሁለታችን ብቻ አብረን ከከተማ የወጣነው ለለቅሶ ነው። ለለቅሶም ቢሆን ትንሹን አዝዬ የሄድኩበት ጊዜ ይበዛል። ትንሽ አሰብኩና «እሺ» አልኩ፤ ሐሳቡን እንዳይቀይር ብዬም በዚያው ቀን ከሰዓት ለራሴ አዲስ ቀሚስ መቁረጥ ጀመርኩ።

ልጆቹን የሚጠብቁልን አማቴ ናቸው፤ እማማ ትሁን ይባላሉ። ከጅጋ አንድ ዶሮ አቅፈው መጡ። ገና ሳይቀመጡ «ለምንድን ነው የምትሄዱት?» አሉ።

«ለመዝናናት ነው እማማ» አለ ይበልጣል።

«ለመዝናናት» አሉ ቀስ ብለው፤ ቃሉን የመድኃኒት ስም አስመሰሉት። ከዚያ ተነሥተው ልጃቸውን ግንባሩን በመዳፋቸው ዳሰሱት። «እሺ ልጄ። እግዜር ይወቅ።»

በማግሥቱ ሰፈሩ ሁሉ አወቀ። ጎረቤታችን ዘይነባ ከሱቋ አንድ ብልቃጥ ማር ይዛ መጣች። «ለሳል ነው» አለችኝ።

«ማን ያስላል ዘይነባ?»

«አውቃለሁ፣ አውቃለሁ» አለች እጄን ጨብጣ። «ምንም አትበይኝ።» አንዷ ጠበል በጀሪካን ላከች። ሌላዋ ደግሞ፣ በሽታውን ትታ፣ ልንፋታ ነው ብላ አወራች፤ እዚህ መፋታት ስላፈርን ነው አሉ ባሕር ዳር የምንሄደው።

ቅዳሜ

መንገዱ ደህና መሆኑን ከሾፌሮች አጣርተን በጠዋት መናኸሪያ ደረስን። አማቴና ልጆቹ ሊሸኙን መጡ። ልጆቹ ያለቅሳሉ ብዬ ፈርቼ ነበር። አላለቀሱም። ትንሹ እንዲያውም «መቼ ነው የምትሄዱት?» ብሎ ደጋግሞ ጠየቀኝ፤ አያቱ ስኳር ቃል ገብተውለት ኖሯል።

ሚኒባሱ ሊነሳ ሲል አማቴ ወደ ሾፌሩ መስኮት ተጠግተው አንድ ነገር ሹክ አሉት። ሾፌሩ ዞሮ ባለቤቴን ከላይ እስከ ታች አየውና «ወንድሜ፣ አንተ ጋቢና ና» አለው። እንዲህ ሆነና ይበልጣል እግሩን ዘርግቶ ከፊት ተቀመጠ፤ እኔ የኋላ ወንበር ላይ በሁለት የድንች ከረጢት መሀል ገባሁ። ሾፌሩ ጉድጓድ ባጋጠመው ቁጥር ፍጥነቱን ቀንሶ «ደህና ነህ ወንድሜ? አላንገላታሁህም?» ይለዋል። ይበልጣል መጀመሪያ ግራ ገባው። በኋላ ተመቸው። ቡሬ ልንገባ ስንል ዓይኑን ጨፍኖ እንደ እውነተኛ ሕመምተኛ ራሱን መቀመጫው ላይ አስደግፎ አየሁት።

ቡሬዎች ከናንተ ከተማ የኛ ትበልጣለች ይሉናል፤ ፋብሪካ ከተተከለላቸው ወዲህማ አይቻሉም። እኔ እንኳ በመስኮት ሳይ ያየሁት የተሰጣ በርበሬ ነው፤ እሱ ደግሞ እኛም ጋ አለ፣ ያውም የኛው ይቀላል። ቡሬ ላይ አንዲት ሴት ጨቅላ አዝላ፣ ሌላ ልጅ በእጇ ይዛ ገባች። ወንበር የለም። ሳትጠይቀኝ ልጁን አንሥታ ጭኔ ላይ አስቀመጠችው።

«እናት ትመስያለሽ» አለችኝ።

ልጆቼን ትቼ ለመዝናናት የወጣሁ ሴት ነኝ ብላት ማን ይሰማኛል? ልጁ ሸንኮራ ይመጣል፤ የመጠጠውን አዲሱ ቀሚሴ ላይ ይተፋል። ኑጉ አብቦ ከመንገዱ ግራና ቀኝ ምድሩ ቢጫ ሆኗል፤ ግማሹን ያየሁት በልጁ ራስ አናት ላይ ተንጠራርቼ ነው።

ኮሶበር፣ ያው እንጅባራ፣ ለምሳ ወረድን። የእንጅባራ ብርድ የታወቀ ነው፤ እኛ ማንጎ ከሚበቅልበት የመጣን ሰዎች ጥርሳችን ተንገጫገጨ። ይበልጣል ምግብ ቤቱ በር ላይ የተሰቀለውን ሥጋ ገና ከሩቅ አይቶ ምራቁን ውጦ ነበር። ሾፌሩ ቀደመውና አስተናጋጇን «ለሱ ሾርባ አምጪለት፤ በርበሬ እንዳይኖረው» አላት። ባለቤቴ ሊከራከር አፉን ሲከፍት፣ ሰውየው ትከሻውን መታ መታ አድርጎ «ይድናል፣ አይዞህ» አለው። እኔ ጥብስ በላሁ። እያየኝ ነው የበላሁት። ጥሩ ጥብስ ነበር።

ያ ልጅ ዳንግላ ላይ ሲወርድ አንገቴን አቅፎ ተኝቶ ነበር። እናቱ ስትቀበለኝ ጭኔ ቀለለኝ፤ ደስ ሊለኝ ሲገባ፣ እስከ መርዓዊ ድረስ እጆቼን የት እንደማስቀምጣቸው ጠፋኝ።

ባሕር ዳር የደረስነው ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል ነው። መንገዷ እንደ ተጠረገ አውድማ ነው፤ ሰፊ፣ ግራና ቀኙ ዘንባባ። የኛ ከተማ ማንጎ ፍሬ ይሰጣል፤ ዘንባባ ግን ቆሞ ከመታየት በቀር ምን ሥራ አለው ስለው፣ ይበልጣል «እኛስ ዛሬ ምን ሥራ አለን?» አለኝ። ሾፌሩ ሌሎቹን መናኸሪያ አውርዶ እኛን ከሐይቁ ብዙም የማይርቅ አንድ ፔንሲዮን በር ድረስ አደረሰን። አልመረቀንም ማለት አይቻልም።

እዚህ ከተማ የአማቴ ታናሽ ወንድም አሉ፤ አያ ደምሌ ይባላሉ፣ ጡረታ የወጡ የከባድ መኪና ሾፌር። መምጣታችንን አልነገርናቸውም። እሳቸው ከሰሙ ፔንሲዮን ማደር ብሎ ነገር የለማ!

የፔንሲዮኑ እንግዳ ተቀባይ ወጣት ልጅ ናት። «ስንት አልጋ?» አለች።

«አንድ» አለ ይበልጣል። ፊቱ ቀላ።

መታወቂያችንን ወስዳ የሱን ከኔ፣ የኔን ከሱ አስተያየች። «ልጆች አልያዛችሁም?»

«ቤት ትተናቸው ነው።»

ቅንድቧን አነሳች። ይበልጣል ጮክ ብሎ «ሚስቴ ናት» አላት። ቅንድቧ አልወርድ ሲል ደገመላት። ሰው ሚስቱን ሚስቴ ናት ብሎ ሲደጋግም የሚያምነው እንደሌለ ያን ቀን አየሁ። ሻንጣውን ይዞ ሲወጣ ልጅቷ ወደኔ ጎንበስ አለች። «እትዬ፣ አይጨነቁ። እኛ የሰው ጉዳይ ውስጥ አንገባም።»

ይህን ጊዜ ሰይጣን ገባብኝ። «የኔ እህት» አልኳት እኔም ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ «ዘመዶቹ እዚህ ከተማ አሉ። ከመጡ አደራሽን።»

አንዲት ቃል አልዋሸሁም።

ማታ ሐይቁ ዳር ተቀመጥን። ከልጆቹ ሌላ የምናወራው ጠፋን፤ ይበልጣል ወፍጮውን ስለሚያዞረው ቺንጋ ጀመረና ራሱ አፍሮ ተወው። ብንደውል ትልቋ ልጃችን «ደህና ነን፣ አያቴ እየጠራችኝ ነው» ብላ ዘጋችብን። ሁለታችንም ስልኩን አየነው። ከዚያ መሳቅ ጀመርን፤ ሳቃችን እስክንተኛ አልለቀቀንም።

እሁድ

በጠዋት በራችን ተንኳኳ። እንግዳ ተቀባይዋ ናት፤ ትንፋሿ ተቆራርጧል። «ተነሡ! ዘመዱ መጥተዋል! የሉም ብያቸዋለሁ፣ ቶሎ በጓሮ ውጡ!»

«የማን ዘመድ?» አለ ይበልጣል ከእንቅልፉ እየባነነ።

እኔ ሳቄ አፍኖኝ መልስ መስጠት አልቻልኩም። ልጅቷ እጁን ይዛ ጎተተችው። ሸሚዙን ገልብጦ ለበሰ፤ እኔ ጫማዬን በእጄ ይዤ ተከተልኩ፤ በኩሽና በኩል አድርገን አንሶላ ወደ ተሰጣበት ጓሮ ወጣን። አያ ደምሌ ደግሞ ዕድሜያቸውን በሾፌርነት የኖሩ ሰው ናቸውና ፒክአፓቸውን ያቆሙት ጥላ ፍለጋ በጓሮ በኩል ኖሯል። የለም ተብለው ተናደው ሲመለሱ፣ ፊት ለፊት የገዛ የእኅታቸው ልጅ ከአንሶላ መሀል ብቅ አለላቸው።

«ይበልጣል!» ብለው ደረቁ። ከዚያ የኔን እግር ከአንሶላው ሥር አዩ። «ያቺ ማናት?»

አንሶላውን ገልጬ «እኔ ነኝ አያ። እንዴት አደሩ?» አልኩ።

እጃቸውን ወደ ሰማይ ዘረጉ። «ተመስገን! ስመኝ ናት! ተመስገን!» እንዲህ ደስ ብሎት የተቀበለኝ ዘመድ ኖሮ አያውቅም። ደስታው ግን አልቆየም፤ የመጡበት ትዝ አላቸውና ባለቤቴን አንገቱን አቅፈው ማልቀስ ጀመሩ። «ምነው ልጄ? ምነው ደበቅኸን? እናትህ ሌሊቱን ሙሉ ስትደውል አደረች። ሾፌሩን አፈላልጌ ባላገኘው የት ትወድቅ ነበር?»

«አያ፣ ምንም አልሆንኩም።»

«አባትህም እንዲህ ነበር የሚለው!»

ልጅቷ ከኩሽናው መስኮት ሆና ታየናለች። ነገሩ የቱ ጋ እንደጠፋባት እንጃ፣ ራሷን በሐዘን ትነቀንቃለች።

ያን ቀን ጢስ ዓባይን ልናይ አስበን ነበር። ያላየነው በበግ ምክንያት ነው። አያ ደምሌ ቤት ስንደርስ በጉ ታርዶ፣ ጎረቤት ተጠርቶ፣ ሰው ሁሉ እንደ ለቅሶ ቤት ግድግዳውን ተደግፎ ተቀምጧል። የአያ ደምሌ ባለቤት እትዬ ጠጄ አቅፈው ሳሙኝ፤ ከዚያ ራቅ አድርገው ደህና አድርገው አዩኝ፣ ግን ምንም አልጠየቁኝም። ሌላው ሁሉ ይጠይቃል። አንዱ ጉበት ነው ይላል፣ አንዱ ኩላሊት። ይበልጣል ትናንት ሾርባ ብቻ የጠጣ ሰው ነውና ሥጋው ሲቀርብለት አላሳፈረውም፤ ሦስተኛ ጊዜ ሲያስጨምር አንድ ሽማግሌ ወደ ጎረቤታቸው ዘንበል ብለው «እንዲህ የሚያስበላ በሽታ አለ፣ ክፉ ነው» ሲሉ ሰማኋቸው።

ፔንሲዮን የሚባል ነገር ቀረ። ሻንጣችን መጣ። ማታ መኝታ ሲዘጋጅ እኔ ከሴቶቹ ጋር ጓዳ፣ ባለቤቴ ከአያ ደምሌ ጋር ሳሎን ሆነ። ለዚህ ነው እንግዲህ ልጆቻችንን ትተን የመጣነው።

ከእራት በኋላ አያ ደምሌ ለኔ ብቻ አወሩኝ፤ ያኔ ነው ሳቄ የቆመው። የይበልጣል አባት እዚህ ከተማ ሆስፒታል ተኝተው እንደሞቱ አውቃለሁ። የማላውቀው ከቤት ሲወጡ ለሚስታቸው ምን እንዳሏቸው ነው። «ባሕር ዳርን አይቼ ልምጣ ብሎ ነው የወጣ» አሉኝ አያ ደምሌ። «እንዳትደነግጥበት ብሎ። ይበልጣልን፣ ያኔ ልጅ ሳለ፣ ይዞት መጣ። ሬሳውን በኔ መኪና ነው የመለስኩት። አሁን እኅቴ ልጇ ባሕር ዳርን አይቼ ልምጣ ሲላት ምን ትሁን?»

ይበልጣል ይህን ስነግረው ፊቱ ተለወጠ። ግቢ ወጥቶ ለእናቱ ደወለላቸው። ምን እንዳላቸው አልሰማሁም፤ ቆሞ መሬቱን በጫማው ጫፍ ሲጭር ብቻ አየሁት። ሲመለስ «አላመነችኝም» አለ። «ነገ አያ ደምሌ ሐኪም ዘንድ ይወስዱኛል። እሱ ይንገራት።»

«ሐይቁስ?»

ትንሽ አሰበ። «ሐኪሙ ከሰዓት ነው» አለ።

ሰኞ

የቤተ ክርስቲያን ደወል ገና እየተሰማ፣ ሰማዩ ገና ግራጫ ሳለ፣ እኔና ይበልጣል ጫማችንን በእጃችን ይዘን ግቢው መሀል ተገናኘን። ለአቅመ ሔዋን ከደረሰች ልጅ ጋር የምኖር ሴት ነኝ፤ እንዲህ ያለ ነገር ስታደርግ ብይዛት የምላትን አውቀዋለሁ። ይበልጣል የበሩን መቀርቀሪያ ሊስብ እጁን ሲዘረጋ ከኋላችን ድምፅ መጣ።

«ተው፣ ይጮኻል። እኔ ልክፈተው።»

እትዬ ጠጄ ናቸው። በሩን ትንሽ ከፍ አድርገው፣ መቀርቀሪያውን ቀስ ብለው ሳቡት፤ ድምፅ የለውም። ከነጠላቸው ሥር ትኩስ ዳቦ አውጥተው ሰጡን። «ሲነሣ ቤተ ክርስቲያን ሊስሙ ሄደዋል እለዋለሁ» አሉ። ከዚያ «ሂዱ፣ ሂዱ!» ብለው እንደ ዶሮ አባረሩን።

አንድ ባለሞተር ጀልባ ብቻችንን ያዝን። ሐይቁ ጭጋግ ለብሷል። የኛ ላህ ወንዝ ክረምት ሲሞላ ያስፈራል፣ ግን ማዶው ይታያል፤ ይህ ማዶ የለውም። እፍ እፍ እያልን ዳቧችንን በላን። ከባሕሩ ዳር ደህና ርቀን ሳለ ሞተሩ ሁለት ጊዜ አሳለና ጠፋ።

ባለቤቴ ሞተር ሲጠፋ ቁጭ ብሎ የሚያይ ሰው አይደለም። ባለጀልባው ይክፈተው ይተው ገና ሳይወስን፣ ይበልጣል እጅጌውን ሰብስቦ ክዳኑን አውልቆ ነበር። «የወፍጮ ወንድም ነው» አለ፤ ከፍኖተ ሰላም ከተነሣን ወዲህ እንዲያ ደስ ብሎት አላየሁትም። ፈታ፣ ጠረገ፣ ነፋ። ከዚያ አንድ ብሎን ከጣቱ አመለጠና ጠብ ብሎ ሐይቁ ውስጥ ገባ። ሦስታችንም ጎንበስ ብለን ውሃውን አየን።

«ያ ብሎን ያስፈልግ ነበር?» አልኩ።

ባለጀልባው ስልኩን አውጥቶ ወደ ሰማይ አነሣው። ስልኩ ደግሞ ኔትወርክ የለውም።

ቆይቶ አንድ አሳ አስጋሪ በደንገል ታንኳ መጣ። ችግራችንን ሲሰማ ሄዶ ሌላ ጀልባ ሊጠራልን ተስማማ፤ ግን የያዘው አሳ እንዳያከብደው ወደኛ ጀልባ ገለበጠልንና «እስክመለስ ጠብቁልኝ፣ ወፎቹን እንዳታምኗቸው» ብሎን ሄደ። ወፎቹ ከመንቁራቸው ሥር ከረጢት ያላቸው ትልልቅ ነጫጮች ናቸው። ዙሪያችንን ከበው እንደ ቀበሌ ስብሰባ ተቀመጡ። እኔ በነጠላዬ፣ ይበልጣል በጫማው፣ ባለጀልባው በመቅዘፊያው ስንከላከል አንዱ ደፋር ከእግሬ ሥር አንድ አሳ ወስዶ ዓይኔን እያየኝ ዋጠው።

ወፎቹ ሲሰለቹና ባለጀልባው ተስፋ ቆርጦ ኋላ ላይ ጋደም ሲል ይበልጣል «ይህን ሐይቅ አይቼዋለሁ ብዬ ነበር» አለኝ።

«ለማን?»

«ለአባቴ። ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ፣ ሂድና ሐይቁን እየው፣ ቤት ስንመለስ ለወንድሞችህ ትነግራቸዋለህ ይለኛል። እኔ ደግሞ ከአልጋው መራቅ ፈራሁ። ከበሩ ውጭ ጥግ ላይ ትንሽ ቆሜ ተመለስኩና አየሁት አልኩት።»

«ምን አየህ አላለህም?»

«ጉማሬ አልኩት። ሳቀ። ስንት ነው? አለኝ። ብዙ ነው አልኩት። በየቀኑ ይጠይቀኝ ነበር፣ በየቀኑ እጨምርለት ነበር።» ዘይት ያጠቆረውን እጁን በሱሪው ጠረገ። «ዘንድሮ እሱ በሞተበት ዕድሜ ላይ ነኝ። አይቼው ልምጣ ብዬ ነው። ለናንተ እንዲህ ብል ደግሞ ሞት ታየው ትሉኛላችሁ።»

ከጎኑ ተጠግቼ ተቀመጥኩ። አንዱን ወፍ አባረርኩለት።

በሌላ ጀልባ እየተጎተትን ወደብ የደረስነው ምሳ ካለፈ በኋላ ነው። አያ ደምሌ ወደቡ ላይ ቆመዋል። አልተቆጡም፤ ያ ነው ያስፈራኝ። «ግባ» አሉት ባለቤቴን፣ የፒክአፑን በር ከፍተው።

ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት። «ምንዎን ነው የሚያምዎት?» አለችው።

«አጎቴን» አለ ይበልጣል።

አያ ደምሌ የእኅታቸው ልጅ ሐኪም ፈርቶ ነው ብለው ስላሰቡ ወንበሩን ስበው ተቀመጡና የኮታቸውን እጅጌ ሰበሰቡ። «እየኝ፣ ምንም አያምም። የኔ ልጅ፣ መጀመሪያ እኔን ለኪኝ።» ለካቻቸው። አንዴ ደገመችው። ከዚያ ባለቤቴን ትታ ወንበሯን ወደሳቸው አዞረች።

ይበልጣል በኋላ ተመረመረ፤ እንደ ድንጋይ ጤነኛ ነው። አያ ደምሌ ግን ደም ግፊታቸው እንዲያ ከፍ ብሎ ሳለ እንዴት ቆመው እንደሄዱ እንደገረማት ነገረችን። መድኃኒት ጻፈችላቸው፣ ጨው ከለከለቻቸው፣ ከጭንቀት ዕረፉ አለቻቸው። ከመተማ እስከ ሞያሌ ያልነዱበት መንገድ የሌለ ሰው፣ ሲመለሱ የፒክአፑን ቁልፍ ለይበልጣል ሰጡትና ከጎን ተቀመጡ። 

እትዬ ጠጄ ሁሉንም ሰሙ። ባላቸውን አዩ። ከዚያ ትራሱን እያስተካከሉላቸው፣ እንደ ቀላል ነገር፣ «እኔ እኮ እዚህ ከተማ ስኖር ጀልባ ላይ ተቀምጬ አላውቅም» አሉ።

አያ ደምሌ ዞረው አዩዋቸው። «አንድም ቀን?»

«ማን ወስዶኝ? አንተ መንገድ ላይ ነበርህ።»

«ጡረታ ከወጣሁስ?»

«ጡረታ ከወጣህማ መንገድ ሰለቸኝ ትላለህ።»

እማማ ትሁን ሲደወልላቸው ሁለቱንም ወሬ አንድ ላይ ሰሙ፤ ልጃቸው ደህና፣ ወንድማቸው በሽተኛ።  «ልጄ ሳይሄድ ቢቀር የወንድሜን ሕመም ማን ያገኝለት ነበር?» አሉ። ሌላ ነገር ሳይጨምሩ ልጆቹን አገናኙን።

ማክሰኞ

ጠዋት አራታችንም ጀልባ ላይ ነበርን። ባለጀልባው ሌላ ነው፤ የትናንቱ ይበልጣልን ከሩቅ ሲያየው ሞተሩን ሸፈነው። አያ ደምሌ ኮታቸውን ቆልፈው፣ መሪ የሌለው መኪና ውስጥ እንደተቀመጠ ሰው ሁለት እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ በየማዕበሉ የሌለ ፍሬን ይረግጣሉ። እትዬ ጠጄ ከጫፉ ተቀምጠው እጃቸውን ውሃ ውስጥ ነክረዋል።

ዓባይ ከሐይቁ የሚወጣበት ደረስን። እትዬ ጠጄ የሰከላ ልጅ ናቸው፤ የተወለዱት ግሽ ዓባይ አጠገብ ነው። «እኛ ጋ ቀሚሴን ሰብስቤ የምዘለው ነበር» አሉ። «ከድልድዩ ላይ ሆኜ ሳየው ሌላ ውሃ ይመስለኝ ነበር። ይኸው ነው እንዴ?»

«ያው ነው» አሉ አያ ደምሌ። «መንገድ ላይ ያገኘውን ሁሉ እየጫነ መጥቶ ነው።»

እትዬ ጠጄ ሳቁ፤ ከዚያ ድንገት እጃቸውን ከውሃው አወጡ። «ያ ምንድን ነው?»

ከቄጠማው አጠገብ ሁለት ትንንሽ ጆሮዎች ብቅ ብለዋል። ባለጀልባው ሞተሩን አጠፋ። ጆሮዎቹ ተንቀሳቀሱ፣ ውሃው ተንፎለፎለ፣ የጉማሬው ጀርባ እንደ አሮጌ ድንጋይ ወጣ።  ይበልጣልን አየሁት፤ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፣ እየቆጠረ ነው። አንድ ነው። ከአንድ አላለፈም፤ እሱ ግን ረጅም ጊዜ ቆጠረ።

ባለጀልባው «እንመለስ?» ሲል ቀድመው የመለሱት አያ ደምሌ ናቸው። «ምን ያስቸኩላል?» አሉ። «ወይዘሮዋ በቃኝ ይበሉ።» ወይዘሮዋ በቃኝ አላሉም። መኪና ሊያመልጠን ሆኖ እኛ ነን የለመንናቸው።

መናኸሪያ ሸኙን። አያ ደምሌ ለሾፌሩ ሊነግሩት ወደ መስኮቱ ሲጠጉ እትዬ ጠጄ ኮታቸውን ይዘው መለሷቸው። ስለዚህ ሁለታችንም ከኋላ፣ አጠገብ ለአጠገብ ተቀመጥን። ኮሶበር ላይ ይበልጣል በርበሬው የበዛ ጥብስ በላ። እኔም በላሁ። ሳንነጋገር ነው የበላነው፤ ከዚያ በኋላም ብዙ አልተነጋገርንም፣ ግን እንደ ቅዳሜ ማታው የምናወራው ጠፍቶን አይደለም።

ቡሬ ላይ በርበሬ ሸጠው የሚመለሱ የኛ ከተማ ሴቶች ተሳፈሩ፤ ሁለቱን በደንብ አውቃቸዋለሁ። ይበልጣል እንቅልፍ ወስዶት ራሱ ትከሻዬ ላይ ወድቋል። እኛ ጋ ባል በቀን ብርሃን፣ ሰው እያየ፣ ሚስቱን ተደግፎ አይተኛም። ልቀሰቅሰው እጄን አነሣሁ። ሴቶቹ አንገታቸውን አዙረው ያዩናል። እጄን መለስኩና የነጠላዬን ጫፍ ዘርግቼ ፊቱን ከፀሐዩ ጋረድኩለት። ከዚያ እኔም ሴቶቹን ደህና አድርጌ አየኋቸው፤ ቀድመው ዞር ያሉት እነሱ ናቸው።

ፍኖተ ሰላም እስክንገባ አልነቃም፤ እኔም ትከሻዬን አላንቀሳቀስኩም።